አስተያየት ካለ

ፍቅረኞች ደብዳቤ የሚጽፉበትን ወረቀት ሲመርጡ አይተናል፤ አበባ ያለበት፣ ሽቶ የተረጨበት። ማዕረግ ግን ለጃለኔ የጻፈው በእናቱ የሆድ ሕመም መዝገብ ላይ ነው። ፈገግ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ፤ ሳቄን የዋጥኩት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማዕረግ እናት ወይዘሮ እንግዳወርቅ ከስኳር ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ኖረዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የጨጓራቸው ነርቭ ደከመና በምሳ ሰዓት የበሉት እስከ ማታ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። መርፌያቸውን ተወግተው ምግቡ ሲዘገይባቸው፣ ስኳራቸው ወርዶ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተዋል። አምቦ ባለው የስኳር ክትትል ክፍል ጥናት ሲጀመር የተመዘገቡትም ለዚህ ነው። ካርኒቲን የሚባል፣ በሥጋና በወተት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር የደከመውን ጨጓራ ያነቃው እንደሆነ ይጠናል። ግማሹ ታማሚ ካርኒቲን ያለበትን ዱቄት ይወስዳል፣ ግማሹ የሌለበትን። ማን የትኛውን እንደወሰደ ጥናቱ እስኪያልቅ ሐኪሙም አያውቅ፣ ታማሚውም አያውቅ።

"እዚሁ አምቦ ተወልጄ፣ ምንጩ ሥር አድጌ፣ ውሃው ያላዳነውን ሆዴን ዱቄት ሊያድነው ነው?" አሉ ወይዘሮ እንግዳወርቅ በመጀመሪያው ቀን። ይህን ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው በስምምነት ቅጹ ላይ አተሙ፤ ፊደል አልቆጠሩም።

ቀለሙን ያቀረበችላቸው ጃለኔ ጃርሶ ናት። የጊንጪ ገበሬ ልጅ ስትሆን፣ በሥነ ምግብ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትመረቅበት ጥናት ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ታማሚ የአሥራ ሁለት ሳምንት ደብተር ሰጠች። ዕለት ዕለት የተበላው የሚጻፍበት ዓምድ አለው፤ ሆድ ምን ያህል እንደከበደ ከዜሮ እስከ አምስት የሚሞላበት አለው፤ ቀጥሎ "አስተያየት ካለ" የሚል ሰፊ ቦታ አለው። ከታች ደግሞ ለእሷ ለራሷ "የባለሙያ ማስታወሻ" የሚል ጠባብ መስመር ቀርቷል።

"እትዬ፣ እዚህ ላይ የተጻፈ አይቀደድም፣ አይፋቅም" አለቻቸው። "ስህተት እንኳ ቢኖር አንድ መስመር ተሰምሮበት ይፈረምበታል እንጂ አይጠፋም።"

"እንደ ቃል ኪዳን በይኛ" አሉ።

ደብተሩን የሚሞላላቸው ልጃቸው ማዕረግ ሆነ። ማዕረግ የሒሳብ መምህር ነው፤ ባዶ ቦታ ሲያይ እጁን ይበላዋል። በመጀመሪያው ሳምንት "አስተያየት ካለ" በሚለው ሥር "እማዬን ዛሬ አላቅለሸለሻትም" ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ሳምንት፦ "እማዬ ደህና ናት። ሐሙስ ደብተሩን ስትቀበይኝ እስክሪብቶሽ እኔ ጋ ቀርቷል። ልመልሰው ወይስ ይቆይ?"

ጃለኔ ያን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በባለሙያ ማስታወሻው ላይ አንድ ቃል ጻፈች፦ "ይቆይ።"

ሳልና ፍቅር አይደበቅም ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ለመደበቅ የመረጡት ቦታ የሚያስቅ ነው። በአራተኛው ሳምንት የወይዘሮ እንግዳወርቅ ሆድ በአንድ ቁጥር ይገለጽና፣ ቀጥሎ ሙሉ ገጽ ስለ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ፣ ስለ ዝናቡ፣ እሷ ጥቁር ሹራቧን ስትለብስ ክፍሉ እንዴት እንደሚሞቀው ይጻፋል። መቅደድ አይቻል፣ መፋቅ አይቻል። ተው ልትለው ትችል ነበር። አላለችውም፤ ሐሙስ እስኪደርስ ቀን ትቆጥር ነበር እንጂ።

*

መስከረም ሃያ አምስት ቀን ማዕረግ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጃለኔን ማግባት እንደሚፈልግ ለእናቱ ነገራቸው። ቤታቸው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይለይ ቤት ነው፤ የጃለኔ አባት ኦቦ ጃርሶ ደግሞ በጊንጪ የወንጌላውያን ምእመናን ሽማግሌ ናቸው። ወይዘሮ እንግዳወርቅ "እስኪ ተወኝ" አሉና ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ጓዳ ገቡ። ማዕረግ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ወር ያህል ከእናቱ አፍ ስለ ጃለኔ ክፉም ደግም አልሰማም።

ጃለኔም ለአባቷ ነገረቻቸው። ኦቦ ጃርሶ ከጤፋቸው መሐል አረም እየነቀሉ ሰሟት።

"ሽማግሌ ቢልኩ በሬን አልዘጋም" አሉ ቀና ብለው። "እምነቱን ዋቃ ያውቃል። ግን ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አማቷ ከእጇ የማትበላላት ሙሽራ እዚያ ቤት ዕድሜዋን በሙሉ እንግዳ ናት። እናትየው ከእጅሽ ትብላ። ያን ጊዜ ይምጡ።"

ጃለኔ ይህን ስትሰማ በሆዷ ሳቀች። ምክንያቱም ወይዘሮ እንግዳወርቅ ከእጇ በልተዋል! ጥናቱ ሲጀመር፣ ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ፣ የትንፋሽ ምርመራው ቀን ነበር። ምርመራው ቀላል ነው፦ ታማሚው በባዶ ሆድ መጥቶ ጉዳት የሌለው ምልክት ሰጪ ንጥረ ነገር የተቀላቀለበት ሁለት እንቁላል ከዳቦ ጋር ይበላል፤ ከዚያ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ በየግማሽ ሰዓቱ በከረጢት ውስጥ ይተነፍሳል። ምግቡ ከጨጓራ ሲወጣ ምልክቱ በትንፋሹ ይታያል። እንቁላሉን በክፍሉ ትንሽ ምድጃ ላይ የጠበሰችው ጃለኔ ናት፤ ወይዘሮ እንግዳወርቅም "እጅሽ ጨው ያውቃል" ብለው ሳህኑን አጽድተው መልሰውላታል።

ስለዚህ ጥቅምት አሥር፣ የሁለተኛው ምርመራ ቀን፣ እየዘመረች ነበር የጠበሰችው። ሳህኑን ፊታቸው አኖረች። ወይዘሮ እንግዳወርቅ እንቁላሉን አዩ፣ እሷን አዩ፣ መሬት አዩ።

"አንሺልኝ ልጄ" አሉ።

"አመመዎት እንዴ እትዬ?"

"አይ። አንሺልኝ ብቻ።"

ምርመራው ለሁለት ሳምንት ተላለፈ። ጥቅምት ሃያ አራት ተመለሱ። እንደገና ጠበሰች፤ በዚህኛው ቀን አልዘመረችም። ሳህኑን በሁለት እጇ አቀረበች። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ወደ እሷ ገፉት። "ይቅር በይኝ" አሉ፤ ዓይኗን ግን አላዩም። የክፍሉ ነርስ ሲስተር ዱረቲ ሳህኑን ተቀብላ ባታወጣላት ኖሮ ጃለኔ እዚያው ታለቅስ ነበር።

ማዕረግ ከነገራቸው በፊት በልተዋል። ማዕረግ ከነገራቸው በኋላ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለዋል። ሒሳቡን ለመሥራት መምህር መሆን አያስፈልግም። በማግስቱ በልቅ ወረቀት እንዲህ ስትል ጻፈችለት፦

"ማዕረግ፣ ይህን በደብተሩ ላይ ያልጻፍኩት እዚያ የተጻፈ ስለማይቀደድ ነው። ይህኛው ይቀደዳል፤ አንብበህ ቅደደው። አባቴ እናትህ ከእጄ ከበሉ ሽማግሌ ይምጣ ብሎ ነበር። አይተሃል፣ እናትህ ከእጄ አይበሉም። አልተቀየምኳቸውም። አንተን ያሳደጉ እጆች የኔን ሳህን ሲገፉ ማየት ግን አልችልም። እናትህን አስቀይሜ አንተን ባገኝ፣ ያገኘሁትን ግማሽህን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስስታም ነኝ፣ ግማሽ አይበቃኝም። ስለዚህ ይቅር። እስክሪብቶው ግን አንተ ጋ ይቆይ።"

ወረቀቱን ለሲስተር ዱረቲ ሰጥታ ስትመለስ ደረቷ ውስጥ ትልቅ ባዶ ቤት የተከፈተ መሰላት።

*

ኅዳር አንድ፣ ሐሙስ፣ ማዕረግ ደብተሩን ለሲስተር ዱረቲ ሰጥቶ ወደ ክፍሉ ሳይገባ ሄደ። ጃለኔ በመስኮት ጀርባውን አየች። ሮጣ ወጥታ ልትጠራው እግሯ ተነሣ፤ ከዚያ የጻፈችው ወረቀት ትዝ አላትና ተቀመጠች።

ደብተሩን ገለጠች። "አስተያየት ካለ" ባዶ ነው። ዓርብ ባዶ፣ ቅዳሜ ባዶ፣ እሑድ፣ ሰኞ... ሰባት ቀን አንድ ፊደል የለም። ያ ባዶ ቦታ የማይወድ ሰው ሰባት ባዶ ቦታ ልኮላታል። ቅደደው ያለችው እሷ፣ ይቅር ያለችው እሷ፤ ሆኖም አኮረፈችው። ፍቅር እንደዚህ ነው፣ ሂድ ያልነው ሰው ሲሄድ እንቀየማለን።

የሚነበብ ነገር ስታጣ ዓይኗ ሳታስበው ወደ ምግቡ ዓምድ ሄደ። ሽሮ። ምስር። ጎመን በዘይት። ተልባ። ሽሮ። ድንች። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። ምስር። ክክ። ሽሮ። ሌላ ገጽ። ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፤ እሑድም የለም። መስከረም ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። መስከረም ሃያ ሦስት፦ እርጎ። ሃያ አራት፦ እንቁላል ፍርፍር። ከመስከረም ሃያ ስድስት ወዲህ የፍስክ ምግብ የሚባል አንድም ቀን አልተጻፈም።

እስቲ አስቡት። ልጅቷ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። ይህን ደብተር ያዘጋጀችው የምግቡን ዓምድ ለማንበብ ነው። ልጁ ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ምስር እያለ በገዛ እጁ አርባ ቀን ሊሞላው ጥቂት እስኪቀር ጽፏል። ሁለቱም የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ ሲያነቡና ሲጽፉ ከርመው፣ የፊተኛው ዓምድ ሲጮህ አልሰሙትም!

ደብተሩን ይዛ ወደ አማካሪዋ ወደ ዶክተር መልአኩ ቢሮ ገባች።

"ዶክተር፣ ከመስከረም ሃያ ስድስት የሚጀምር ጾም አለ?"

ዶክተር መልአኩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ጽጌ ነዋ።"

"ጽጌ?"

"የእመቤታችን የስደቷ መታሰቢያ። ግዴታ አይደለም፣ የወደደ ነው የሚጾመው። ካህናትና መነኮሳት፣ አንዳንድ እናቶችም። አርባ ቀን ነው፤ ኅዳር ስድስት ቁስቋም ሲሆን ይፈታል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ሁለት ጊዜ እንቁላል አቀረብኩላቸው እኮ!"

"ወዶ የጾመ ሰው ጾሜያለሁ ብሎ አያወራም፤ ካወራ ዋጋው የታለ?" ደብተሩን ከእጇ ተቀበሉና ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "ኅዳር ስምንት የመጨረሻው ምርመራ ነው፤ ያን ቀን ይበላሉ። በነገራችን ላይ ይህን የመጨረሻ ዓምድ እኔም አንብቤዋለሁ። ኮምፒዩተሩ ላይ የት እንደምናስገባው አላውቅም፣ ኮድ የለውም።"

ጃለኔ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። በደስታ ልትፈነዳ ምንም አልቀራትም፤ ግን ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣባት። ጾሙ እንቁላሉን ያስረዳል። ዝምታውን አያስረዳም። ያ መሬት መሬት ማየት፣ ያ "ይቅር በይኝ" የምን ነበር? በባለሙያ ማስታወሻው ላይ ጻፈች፦ "ኅዳር 8፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በባዶ ሆድ። አምቦ ውሃም ቢሆን አይጠጣ።" ከሥሩም ትንሽ አድርጋ፦ "አንተም ና።" ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ተስፋና ፍርሃት እየተፈራረቁባት ከረመች።

*

ኅዳር ስምንት ጠዋት ወይዘሮ እንግዳወርቅ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው መጡ። ማዕረግ ከኋላቸው ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ሁለት ሳምንት ነበር ያልተያዩት። ከስቷል። እሷም ከስታለች። አንዳቸው የሌላውን መክሳት ሲያዩ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ሁለቱም ትንሽ ደስ አላቸው።

ጃለኔ ጠበሰች። አንዱ እንቁላል ከእጇ አምልጦ ስለተሰበረ ሌላ አመጣች። ሳህኑን አኖረችና እንደ ተማሪ እጇን አጣምራ ቆመች። ወይዘሮ እንግዳወርቅ እንቁላሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሲስተር ዱረቲም የምትጠርገውን ጠረጴዛ ትታ ቆመች።

አማተቡና ቀና አሉ። "ጨው አድርገሽበታል?"

"አድርጌያለሁ፣ እትዬ።"

በሉ። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ፣ እስከ መጨረሻው፤ በሳህኑ ላይ የቀረውን በዳቦው ጠርገው በሉ። ጃለኔ ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች።

ከመጀመሪያው ከረጢት በኋላ ድፍረት አገኘች። "እትዬ፣ ጽጌን እንደጾሙ ደረስኩበት።"

ወይዘሮ እንግዳወርቅ ደነገጡ። "ማን ነገረሽ?"

"ደብተሩ። ማዕረግ የበሉትን ሁሉ ጽፏል። ደግሞ በዚህ ስኳር አርባ ቀን..."

"ቆጣ አትበይብኝ! መርፌ ተወግቼ ሆዴን ባዶ አላዋልኩም። ቁርሴንም ምሳዬንም በሰዓቱ በልቻለሁ፤ የተውኩት ቅቤና እንቁላሉን ነው። ዱቄትሽንም አላቋረጥኩም፣ መድኃኒት ጾም አያስፈታም።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተ፣ ሽሮዬንም ትጽፍ ነበር ለካ! እኔማ ሌላውን ብቻ የምትጽፍ መስሎኝ።"

"የቱን ሌላ፣ እማዬ?" አለ ማዕረግ በደከመ ድምፅ።

"ፊደል ባልቆጥር ልጄን አላውቅም? 'ሆዴ ከብዶኛል፣ ሦስት በል' እልሃለሁ፤ አንተ ጎንበስ ብለህ ገጽ ትሞላለህ፣ ብቻህን ፈገግ ትላለህ። ሦስትን ለመጻፍ ስንት መስመር ይፈጃል?"

ሲስተር ዱረቲ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። ጃለኔ ግን አልሳቀችም።

"እትዬ፣ በጾም ምክንያት ከሆነ ለምን ዓይኔን አላዩኝም? የጠሉኝ መስሎኝ ነበር።"

ወይዘሮ እንግዳወርቅ ከረጢቱን ጭናቸው ላይ አኖሩ። "እውነቱን ልንገርሽ? ማዕረግ የነገረኝ ዕለት ክፉ ቃል አፌ ላይ መጣ። ቁርባኑን አሰብኩ፣ የአባቶቼን ቤት አሰብኩ፣ ሰው ምን ይላል አልኩ። ቃሉ ከወጣ አይመለስም፤ እንደዚህ ደብተርሽ ነው። ስለዚህ አፌን ያዝኩና በማግስቱ ጽጌ ሲገባ ጾሙን ያዝኩ። በዕድሜዬ ጾሜው አላውቅም። እመቤቴን 'ልጅቷ የኔ ካልሆነች ልቤን አጽኚው፣ የኔ ከሆነች አለስልሺልኝ' አልኳት። እናንተን ይዤ ነው የጾምኩት፣ ልጄ። ቁርጡን ሳላውቅ ምን ብዬ ዓይንሽን ልይ?"

ወይዘሮ እንግዳወርቅ በአገጫቸው ወደ ልጃቸው ጠቆሙ።

"ይህ ልጅ ደብዳቤሽን ይዞ ሲያለቅስ አየሁት። አንብብልኝ አልኩት፤ አነበበልኝ። የአባትሽንም ቃል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እስከ ቁስቋም ታገሰኝ፣ ልጅቷንም በባዶ ተስፋ አታንገላታት፣ ምንም አትጻፍ አልኩት።"

"አዎ" አለ ማዕረግ። ወደ ጃለኔ አየ። "ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ ቀደድኩት። ባለሙያዋ አዝዛ ነበር።"

"እና በአርባው ቀን ምን አዩ፣ እትዬ?" አለች ጃለኔ።

"ምንም። ሕልም የለ፣ ራእይ የለ። ብቻ ያቺን ሳህን ስመልስብሽ ፊትሽ ሲጠቁር አየሁ። ቤቴ ገባሁ። ያቺ ልጅ ምሳዋን በልታ ይሆን? አልቅሳ ይሆን? እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም። ኋላ ሳስበው ለባዳ እንዲህ አይብሰለሰሉም።"

ጃለኔ ጉልበታቸው ሥር ተቀመጠች። ወይዘሮ እንግዳወርቅ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ፤ ቀጣዩ ከረጢት ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ተሞላ፤ ይህም በደንቡ መሠረት በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል። አራቱ ሰዓት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎ አልፎ አያውቅም። ማዕረግ ለእናቱ ትራስ አመጣ፣ ከዚያ ውሃ እንዳይሰጥ ተከለከለ፣ ከዚያ ያለ ሥራ ቆሞ ጃለኔን አየ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለች ሲስተር ዱረቲ የመጨረሻውን ከረጢት ስታስር፤ ከእንቁላሉ ሌላ ስለ ማን እንዳለች ሁሉም ገባቸው።

"ደብተሩን አምጪ" አሉ ወይዘሮ እንግዳወርቅ። "ዛሬ አንቺ ጻፊ፤ ይህ ልጅ ያበዛል።"

ማዕረግ ከኮቱ ኪስ እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰጣት። ሦስት ወር ሊሞላው የቀረበው የራሷ እስክሪብቶ ነው፤ ከደረቱ ሙቀት አልበረደም።

"ክብደት፣ አንድ በይ።"

"አንድ? ሁልጊዜ ሦስት ነበር እኮ።"

"አንድ። አስተያየት ካለ አይደል የሚለው? አለ። ጻፊ፦ እንቁላሉን ከጃለኔ እጅ በላሁ።"

ጃለኔ ጻፈች። ክብደቱን ያቀለለው ካርኒቲኑ ይሁን፣ የጾሙ ምግብ ይሁን፣ አርባ ቀን በሆድ ተይዞ የወጣው ነገር ይሁን፣ እኔም አላውቅም፤ የጥናቱ ፖስታ ሲከፈት ዶክተር መልአኩ ይንገሩን።

"ከሥሩ ጻፊ፦ ለኦቦ ጃርሶ፣ ጊንጪ። ያሉት ተፈጽሟል። ሽማግሌዎቼን ከገና በፊት እልካለሁ።"

እስክሪብቶው ቆመ። ጃለኔ በእንባዋ ውስጥ ቀና ብላ ማዕረግን አየችው፣ ከዚያ እናቱን።

"እትዬ፣ ይህ እኮ የጥናት መዝገብ ነው። አንዴ ከተጻፈ አይቀደድም፣ አይፋቅም።"

"አውቃለሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ነግረሽኛል" አሉ ወይዘሮ እንግዳወርቅ፤ አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ እየዘረጉ። "ባይሆን ኖሮ እዚያ ላይ አላጽፍሽም ነበር። በይ አቅርቢው ላትምበት፣ ኢንተለ ኮ።"